ነብሩ ከካርቶኑ ላይ ሲወርድ

በሰፈራችን ካለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ትምህርት ቤቱ ሲለቅ እዚያ ደጃፍ ላይ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ብዙ ይማራል። ባለሱቁ ዕቃ ሲደረድር የራሱ ስሌት አለው። ዘይቱ፣ ሩዙ፣ ሳሙናው በትልቅ ሰው ዓይን ልክ ተቀምጠዋል። ቺፕሱ፣ ዋፈሩ፣ ማስቲካውና ባለቀለሙ ከረሜላ ግን በገመድ ተንጠልጥለው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳይንጠራራ በሚነካው ከፍታ ላይ። አንድ ቀን ከልጆቹ ኋላ ቆሜ ሳለሁ አንዱ ቺፕስ ገዝቶ እዚያው ቀደደውና ውስጡ የነበረችውን የፕላስቲክ መጫወቻ አውጥቶ ኪሱ ከተታት። ቺፕሱን ለጓደኛው ሰጠው። ባለሱቁን «ቺፕሱን አይወደውም እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ የሚገዙት ምግብ አይደለም። መጫወቻ የሌለውን ባመጣ ሳምንት ሙሉ ተንጠልጥሎ ይውላል» አለኝ።

ጤናማ ያልሆነ ምግብ ለልጆች እንዳይተዋወቅ በሕግ ይገደብ የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ይህ ባለሱቅ ትዝ ይለኛል። ጨዋታው በሬዲዮም ይሁን በቡና ላይ ሲነሳ የሚሰማው ነገር ያው ነው። አንዱ «ልጄ ምን ይብላ ምን አይብላ የምወስነው እኔ ነኝ፤ መንግሥት በማዕዴ ምን አገባው?» ይላል። ሌላው «ይህ የጠገበ አገር ጣጣ ነው፤ የእኛ ልጅ መች በልቶ ወፈረና!» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ጥያቄውን የተረዱት አይመስለኝም። የመጀመሪያው የሚከራከረው ማንም ስላላነሳው የምግብ ክልከላ ነው። ሁለተኛው ጉዳዩን በሚዛን ላይ ከሚታይ ኪሎ ጋር ብቻ አያይዞታል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ገደቡ ያስፈልገናል፣ የሚያስፈልገንም አሁን ነው፣ ሲወጣም መጀመር ያለበት ሁሉም ከሚያስበው ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከማሸጊያው ላይ ነው።

ማስታወቅና ማባበል

የአለመግባባቱ ሥር ቃሉ ውስጥ አለ። በአማርኛ «ማስታወቂያ» ማሳወቅ ነው። የሥራ ማስታወቂያ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ በግቢ በር ላይ የሚለጠፍ የቀብር ማስታወቂያ ሁሉም የማናውቀውን ያሳውቁናል። ስለዚህ «ማስታወቂያ ይገደብ» ሲባል መረጃ ሊታፈን ነው የሚል ስሜት ቢያድርብን አያስገርምም። ግን የስድስት ዓመት ልጅ እሽጉ ላይ ከሚስቅለት የካርቱን እንስሳ ምን ያውቃል? ዋጋውን አይነግረው፣ ጨውን አይነግረው፣ ከምን እንደተሠራ አይነግረው። ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ሌላ ቃል አለው፤ ማባበል። የሚያለቅስ ሕፃን በከረሜላ ይባበላል። ስናባብል ልጁን ስለ ከረሜላው እያስረዳነው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኩባንያው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እናት የምታባብለው ልጁ ዝም እንዲል ሲሆን ኩባንያው ግን እንዲያለቅስላት መፈለጉ ነው።

ትንንሽ ልጆች ማስታወቂያ ሊሸጥላቸው እንደመጣ አይገባቸውም። ለእነሱ በካርቱኑና በካርቱኑ መካከል በገባው የብስኩት ማስታወቂያ መካከል ልዩነት የለም፤ ሁለቱም ተረት ናቸው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓመታት ማስረጃ ሰምተው ሲያበቁ ስለ ትንንሾቹ የደረሱበት ድምዳሜ ይኸው ነበር። ከፍ ያሉት ልጆች ሊሸጥላቸው እንደሆነ ይገባቸዋል፤ መረዳታቸው ግን ከመጓጓት አያድናቸውም። እኛ ትልልቆቹስ መች ዳንን?

እዚህ ላይ ለአንድ ቴክኒካዊ የሚመስል ነገር ቦታ ልስጥ፤ ጨዋታው በሙሉ የተደበቀው እሱ ውስጥ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለአገሮች የመጀመሪያውን ምክረ ሐሳብ ሲያቀርብ ሕግ አውጡም፣ ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው ራሳቸውን ይግቱም የሚሉትን መንገዶች ሁሉ ክፍት ትቶ ነበር። ኩባንያዎቹ ቀደም ብለው ነቅተዋል። በአውሮፓ ትልልቆቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰብስበው ቃል ገቡ፤ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተወሰኑ ምርቶችን አናስተዋውቅም አሉ። መልካም። ነገር ግን «የልጆች ፕሮግራም» የሚባለው የትኛው ነው? በመጀመሪያው ቃል ኪዳናቸው ከተመልካቹ ግማሹ ሕፃናት የሆኑበት፣ በኋላም 35 በመቶው ሕፃናት የሆኑበት ነው። እንግዲህ አስሉት። አባት፣ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤትና አንድ ልጅ አንድ ላይ ተቀምጠው የዋንጫ ጨዋታ ሲያዩ ልጁ ከአምስት አንድ ነው፤ 20 በመቶ። ያን ምሽት በመላ አገሪቱ ሚሊዮን ልጅ ቢያይ እንኳ በወረቀቱ መሠረት ያየ ልጅ የለም። የካርቱን ሰዓቱ ይጸዳል፤ ልጆች በብዛት የሚያዩት የቤተሰብ ሰዓት ግን እንደነበረ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አዲስ መመሪያ በፈቃደኝነት የሚለውን ትቶ አስገዳጅ ሕግ ይሁን ያለው፣ ጥበቃውንም በየትኛውም የልጅነት ዕድሜ ላይ ላሉ ሁሉ ያሰፋው ከዚህ ልምድ ተነስቶ ነው። ማስታወቂያው ስንት ጊዜ ልጁ ዓይን ውስጥ ይገባል የሚለውንና ሲገባ የማባበል ኃይሉ ምን ያህል ነው የሚለውን ለይቶ ማየቱም ጠቃሚ ነው። የቴሌቪዥን ሰዓት የመጀመሪያውን ይነካል፤ የካርቱኑ እንስሳና መጫወቻው ሁለተኛውን።

ቺሊ ያደረገችው

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የነካች አገር ቺሊ ነች። እዚያ ከስድስት ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው። በሙያቸው ሐኪም የሆኑት ሴናተር ጊዶ ጂራርዲ ረቂቁን ይዘው የተነሱት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሕጉ የጸደቀው በ2012 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በጁን 2016 ነበር። በመሐል የአንድ መንግሥት ተቃውሞ፣ የኩባንያዎች ውትወታና የደንብ ዝርዝር ጭቅጭቅ አለ። በሌላ አነጋገር ረቂቁ ሲቀርብ የተወለደ ልጅ ሕጉ ሲሠራ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል።

ሕጉ የሚያደርገውን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ስኳር፣ ጨው፣ ቅባት የተጨመረበት የታሸገ ምግብ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ፊቱ ላይ የመንገድ «ቁም» ምልክት የሚመስል ጥቁር ስምንት ማዕዘን ይታተምበታል፤ «ስኳር የበዛበት»፣ «ጨው የበዛበት» ተብሎ፣ ከሥሩ የጤና ሚኒስቴር ስም ተጽፎ። መጠኑ በአንድ ጊዜ አልጠበቀም። ለጠጣር ምግብ የስኳሩ ጣሪያ በ100 ግራም 22.5 ግራም ሆኖ ጀመረ፣ ወደ 15 ወረደ፣ በ2019 ደግሞ 10 ላይ ቆመ። ለኩባንያዎቹ ቅመማቸውን የሚያስተካክሉበት ጊዜ ተሰጣቸው ማለት ነው። ከዚያ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። ጥቁሩ ምልክት ያረፈበት ምርት በትምህርት ቤት ግቢ አይሸጥም፤ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይተዋወቅም፤ ማሸጊያው ላይ የካርቱን ገጸ ባሕርይ አይሳልበትም፤ መጫወቻም አይገባበትም። የኬሎግ ቶኒ የተባለው ነብር ከኮርንፍሌክሱ ካርቶን ላይ ወረደ። የቺቶሱ አቦሸማኔም ተከተለው። በውስጡ መጫወቻ ያለው የቸኮሌት እንቁላል ከገበያ ወጣ። የነብሩና የአቦሸማኔው ባለቤቶች የአእምሯዊ ንብረት መብታችን ተነካ ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክራቸውን ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። የምርቱ ጣዕም፣ ዋጋና አቅርቦት አልተነካም፤ ማንኛውም የቺሊ ዜጋ ያንኑ ጣፋጭ ኮርንፍሌክስ በፈለገው ጊዜ መግዛት ይችላል። የጎደለው ነብሩ ብቻ ነው። ነብሩ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ማን ጠበቃ ይቀጥርለት ነበር?

የቴሌቪዥኑን ጉዳይ ቺሊዎች መጀመሪያ በመቶኛ ነበር የሞከሩት፤ የልጆች ድርሻ ከ20 በመቶ የበለጠበት ፕሮግራም ላይ ከለከሉ። በዚህ ብቻ የሕፃናቱ ለእነዚህ ማስታወቂያዎች መጋለጥ በ44 በመቶ፣ የታዳጊዎቹ በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ መቶኛውን ተዉትና ሰዓት ቆረጡ፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ አራት ሰዓት ምንም ዓይነት ፕሮግራም ይሁን ጥቁር ምልክት ያለበት ምርት በቴሌቪዥን አይተዋወቅም። ከላይ ያነሳሁት የዋንጫ ጨዋታ ስሌት በአንድ መስመር ተፋቀ። የገበያውም ለውጥ ተለክቷል። በመጀመሪያው ዙር ጥቁር ምልክት ያረፈባቸው ጣፋጭ መጠጦች ግዢ በ23.7 በመቶ ወረደ። ቤተሰቦች ከሚገዙት ምግብና መጠጥ በጠቅላላ የሚያገኙት ስኳርም ሕጉ ባይኖር ይሆን ነበር ተብሎ ከተገመተው በ10 በመቶ ያህል አነሰ።

አሁን የሕጉ ተቃዋሚ «ውፍረቱስ ቀነሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በቺሊ ልጆች ክብደት ላይ ጎላ ያለ መቀነስ አልታየም። ለስላሳ አምራቾች ስኳሩን ሲቀንሱ በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ስለተኩት የእነዚህ ማጣፈጫዎች ፍጆታ ጨምሯል፤ የልጁ ምላስ ያው ጣፋጭ እንደለመደ ነው። ኢንተርኔቱም ከቴሌቪዥኑ ያነሰ ጥበቃ ነው ያለው። እነዚህን ጉድለቶች መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። ሆኖም ሕጉን በማይመለከተው ሚዛን መመዘንም ልክ አይደለም። ውፍረት የሃያ ዓመት የአኗኗር ክምችት ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት፣ የመጫወቻ ሜዳ መጥፋት ሁሉ ያለበት። የማስታወቂያ ሕግ መጠየቅ ያለበት ልጆችን ማባበሉ ቀነሰ ወይ፣ የቤተሰብ ዘንቢል ተለወጠ ወይ ተብሎ ነው። ለሁለቱም መልሱ አዎ ነው። ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ ሠራተኛ ይበተናል የተባለውም አልሆነም፤ በምግብ ኢንዱስትሪው ላይ የተደረገው ጥናት በሥራ ቦታም ሆነ በደመወዝ ላይ ሕጉ ያመጣው መቀነስ አላገኘም።

«ሞግዚት አያስፈልገንም»

የወላጅን ሥልጣን የሚያነሳው ክርክር ከሁሉ የቆየ ነው፤ የተወለደበትም ቀን ይታወቃል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሊቀ መንበሩ በማይክል ፐርቹክ ዘመን ለትንንሽ ልጆች የሚተላለፉ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን ሊገድብ ተነሳ። ዋሽንግተን ፖስት በርዕሰ አንቀጹ ኮሚሽኑን የአገር ሞግዚት ልሁን አለ ብሎ አፌዘበት። ስሙ ተጣበቀ። የስኳር፣ የቁርስ እህል፣ የመጫወቻና የማስታወቂያ ኢንዱስትሪዎች ተባብረው ዘመቱ፤ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ኮሚሽኑ በልጆች ማስታወቂያ ላይ የነበረውን ሥልጣን ቆረጠበት፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ ተዘጋ። የሚገርመው በዚያው በ1980 ከድንበሩ ማዶ የካናዳዋ ኩቤክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያነጣጠረ የንግድ ማስታወቂያን፣ የምግቡንም የመጫወቻውንም፣ ጠቅልላ ከልክላለች። አንድ የመጫወቻ ኩባንያ ከሰሰ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ማስታወቂያ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት እንደሚጠበቅለት፣ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለሉ ሕፃናትን ለመጠበቅ ሲባል ይህ ገደብ ተገቢ መሆኑን ወሰነ። ስለ ነፃነት የሚነሳው ጥያቄ ቢያንስ አንድ ጊዜ በቁም ነገር ተመርምሮ መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ «ሞግዚት» በእኛ አገር ለምን ስድብ እንደሚሆን አይገባኝም። በታሪካችን ሞግዚት አልጋ ወራሹ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ የሚጠብቅለት ሰው ነው፤ ሲደርስ ያስረክባል። ልጁን ከነጣቂ መጠበቅ እንጂ ከአባቱ መንጠቅ የሞግዚት ሥራ አይደለም።

ወላጁ ራሱ ይቆጣጠር የሚለው ሰው አንድ ነገር ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል፤ መቼና የት ይቆጣጠር? እኅቴ ለልጇ የሚበላውን ጠዋት ምሳ ዕቃው ውስጥ ቋጥራ ትልከዋለች። ከዚያ ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ድረስ የሱቁ ገመድ፣ የጓደኛው እሽግ፣ የታክሲው የኋላ መስታወት ላይ የተለጠፈው ሥዕል፣ ማታም የእሷው ስልክ ላይ ካርቱን በከፈተ ቁጥር ብቅ የሚለው ቪዲዮ ያናግሩታል። እነሱ ሥራቸው ይህ ብቻ ነው፤ ደመወዝ ተከፍሏቸው፣ ቀለም መርጠው፣ የልጅ ዓይን የት እንደሚያርፍ ለክተው ነው የሚመጡት። እሷ ሥራ ውላ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ደክማ ነው የምትገባው። «እምቢ» ማለት ሥልጣኗ ነው፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ እምቢ እንድትል ያደረጋት ማነው? ገደቡ የሚነካው የእሷን «እምቢ» አይደለም። የሚቀንሰው እምቢ የምትልባቸውን ጊዜያት ብዛት ነው።

ባልጠገበ አገር

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የምፈራው «የጠገበ አገር ጣጣ ነው» የሚለውን ነው፤ እውነት ስላለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው በመቀንጨር የተጎዱ ነበሩ። በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እ.ኤ.አ. በ2030 እናስቀራለን ያልነው ስላስጨነቀን ነው። እንዲህ ባለ አገር ካሎሪ ያለበትን ምግብ ማሳደድ ቅንጦት አይሆንም ወይ? ዩኒሴፍ በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉት መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ቁጥር ከሲታዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ፤ 9.4 በመቶ ለ9.2። ግን ይህ ያልሆነባቸው ሁለት አካባቢዎች አሉ፤ ደቡብ እስያና ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ። ታዲያ ለምን እንቸኩል?

መልሴ ከልጁ ሳንቲም ይነሳል። የጠገበ አገር ልጅ ቺፕስ ሲበላ ከምሳው ላይ ነው የሚጨምረው። የእኛ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በምሳው ምትክ ነው የሚበላው። በእጁ ያለው ብር አንድ ነው፤ እሽጉን ከገዛበት ሌላ ነገር አይገዛበትም። ለመቀንጨር መድኃኒቱ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት ነው እንጂ ዱቄት፣ ዘይትና ጨው አይደለም። የለስላሳውን ሂሳብ ደግሞ እንሥራው። የተለመደ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ስኳር አለው፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 37 ግራም ገደማ ነው። በልደት፣ በሠርግ፣ በእንግዳ ቀን አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ የቀኑን ስኳር አብዛኛውን እዚያው ጨርሶ ብረት፣ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን የሚባል ግን አላገኘም። በሕፃንነቱ የተቀነጨረ ሰውነት በኋላ ሲወፍር ለስኳርና ለደም ግፊት በሽታ ይበልጥ መጋለጡም አለ። ረሃብና ውፍረት ተራ ጠብቀው የሚመጡ እንግዶች አይደሉም፤ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር አብረው ይገባሉ።

ሌላም ጉዳት አለ፤ በሚዛንም በሜትርም አይለካም። የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን ዳቦ ቆሎውን ሳይነካው መለሰ። «እማዬ፣ ሁለተኛ ይሄን እንዳታደርጊልኝ፤ ይስቁብኛል» አላት። እናቱ ሌሊት ተነስታ የቆላችው ነበር። በቅቤና በበርበሬ የታሸ፣ እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ለአንድ እፍኝ የምጣላበት። ቆሎ ነብር የለውም፣ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ የለውም፣ ውስጡ መጫወቻ የለውም። ማስታወቂያው ቆሎ መጥፎ ነው አላለም፤ ማለትም አላስፈለገውም። አንደኛውን ምግብ የደስታ፣ የጓደኝነት፣ የከተሜነት ምልክት አድርጎ ከሠራው ሌላው በራሱ የድህነት ምልክት ሆኖ ይቀራል። ልጅ በእናቱ ምግብ እንዲያፍር ያደረገ ንግድ ገና ኪሎ ሳይጨምርበት ጎድቶታል። በዚህ ላይ ለእናትየውም የተዘጋጀላት አለ፤ የማንጎ ሥዕል ያለበት «ጁስ»፣ «በቫይታሚን የበለፀገ» የሚል ብስኩት። እነዚህን የምትገዛው ለልጇ ጥሩ ያደረገች መስሏት ነው።

ስለ መቸኮሉ ደግሞ የአገሬ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል። ቺሊ ዘጠኝ ዓመት የታገለችው ኢንዱስትሪው ከፓርላማው እኩል ጉልበት አውጥቶ ስለነበር ነው። እንግሊዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያሉ ምርቶች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቁ ገደብ አወጣለሁ ብላ፣ ደጋግማ አራዝማ፣ ሥራ ላይ ያዋለችው በጃንዋሪ 2026 ነው፤ ያውም ምርቱን ሳያሳይ የኩባንያውን ስም ብቻ የሚያስተዋውቀውን አልፋ። እኛ ዘንድ ይህ ገበያ ገና እያደገ ነው። ዛሬ ሕግ ቢወጣ የሚከፋው ጥቂት ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፋው ማስታወቂያ የሚሠሩትን፣ የሚያስተላልፉትን፣ የሚተውኑትን፣ ስፖንሰር የሚደረጉትን ሁሉ ይጨምራል።

ማድረግ እንደምንችል ደግሞ አይተነዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። በዓል በመጣ ቁጥር ዘፈኑ፣ ድራማው፣ ቃለ መጠይቁ ሁሉ በቢራ ስም ይጀምር እንደነበር የማያስታውስ የለም። የመገናኛ ብዙኃኑ ገቢ ተጎድቷል፤ ይህን በሙያው ውስጥ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ቀላልም አልነበረም። የምግቡ ሕግ ሲመጣ ጣቢያዎች ዳግም ቢያጉረመርሙ እውነታቸውን ነው፤ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። ያው አዋጅ የሲጋራን ፓኮ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕል ሸፍኖታል። እንግዲህ ማሸጊያ ራሱ ማስታወቂያ መሆኑን ሕጋችን ለትልልቆቹ ተቀብሎ ጨርሷል። ለሲጋራ አጫሹ አዋቂ የተደረገው ጥንቃቄ ለከረሜላ ገዢው ሕፃን የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ከእሽጉ ይጀመር። ስኳሩ፣ ጨው ወይም ቅባቱ ከልክ ያለፈ ምርት ላይ ካርቱን አይሳል፣ መጫወቻና ተለጣፊ ሥዕል አይግባበት። ይህ ለቁጥጥርም ቀላል ነው፤ ፋብሪካና አስመጪ እንጂ ሺህ ቻናል መከታተል አይጠይቅም። ሱቅ በሱቅ እየዞሩ ምስኪን ባለሱቅ መቅጣትም አያስፈልግ፤ እሱ የመጣለትን ነው የሚያንጠለጥለው። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ግቢና አጥሩ፤ የአምራች ስም ያለበት ቀለም፣ ጥላና ሽልማት ከዚያ ይውጣ። የቴሌቪዥኑ ገደብ እንደ ቺሊ ሁለተኛ ዙር በሰዓት ይቆረጥ፤ በመቶኛ ከሆነ ባይወጣ ይሻላል። ተከፍሏቸው በዩቲዩብና በቲክቶክ ለልጆች የሚያስተዋውቁትም እዚያው ውስጥ ይግቡ።

የትኛው ምግብ «ከልክ ያለፈ» ነው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የማዘግያ ሰበብ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአፍሪካ አገሮች ለዚሁ ጉዳይ ያዘጋጀው፣ ምግቦችን በዓይነት ለይቶ የስኳሩን፣ የጨውንና የቅባቱን ጣሪያ የሚያስቀምጠው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ታትሞ ተቀምጧል። ምግብን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለን። የሚቀረው መመሪያውን መጻፍ ነው።